ተራ ቁጥር አሥራ አራት

ወይንሸት ከሒሳብ ክፍል ደወለችልን፣
«መዋጮው ሞልቷል» አለች፣ «ዕቃ ምረጡልን፤
እንደ መቅደላዊት እንዳናሳፍርሽ፣
አምስት የግድግዳ ሰዓት እንዳናሸክምሽ።»

(መቅደላዊት ዛሬም ሥራ የምታረፍደው፣
የቱን እንደምታምን ግራ ገብቷት ነው።)

ናሁሰናይና እኔ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባዶ ቤት፤
ወንበር ገና የለም፣ ጀሪካን ገልብጠን፣
ከመብራት ደረሰኝ ጀርባ መጻፍ ጀመርን።

«ፍሪጅ» አለ፤ ጻፍኩኝ። ተነሥቶ በእርምጃ
ኩሽናውን ለካ፤ «እዚህ ጋ ምድጃ፣
እዚህ ጋ...» ቆም አለ። ግድግዳው አለቀ።
ፍሪጁ ሳይገዛ ሳሎን ዘለቀ።

እናቱ ከሰበታ በስልክ ገቡበት፦
«ቡፌ ሳይኖርበት ይባላል ወይ ቤት?
ብርጭቆ በመስታወት ካልታየ ለእንግዳ፣
ምን ትዳር ነው ይሄ? የተማሪ ጓዳ!»
ቡፌ ብለን ጻፍን። ደረጃው ታሰበን፣
ጠባቡ፣ ጠምዛዛው። ሰረዝን።
ደግሞ በቀጭኑ ጻፍነው፤
የእናት ቅሬታ ከቡፌ ይከብዳል።

ከዚያ የልባችንን። ውኃ የሚመጣው
ማክሰኞ ሌሊት ነው፣ እሱም ከቀናው።
«ሮቶ» አለኝ ናሁ፣ «ባለ አምስት መቶ ሊትር።»
ሳቅሁኝ፤ ሮቶ ደግሞ በሪባን ሲታሰር!
ከሚዜዎቹ ጋር ተደርድሮ ቆሞ፣
ፎቶ ሲነሣልን ከኬኩ አስቀድሞ!
«ጻፊው» አለ፣ አልሳቀም፣ «ጻፊው በደማቁ፤
እዚህ ብሎክ ላይ ሰዎች በጀሪካን ነው የሚናነቁ።»

ብረት ድስት፣ በየመጠኑ። ካውያ።
መጋረጃ፤ የጎረቤት መስኮት
እጅ ቢዘረጉ ይደርሳል።
ሹካ፤ ያለን ሦስት ነው፣ አንዱም ጥርሱ ጎድሏል።

አሥራ ሦስት ሞላ።
«አሥራ አራት» ብዬ ቁጥሩን ጻፍኩ፣
ነጥቡን አደረግሁ፣
ከነጥቡ ማዶ መሄድ አቃተኝ።

ምትኩ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ወንድሜ።
እናታችን ስታርፍ እግሩ ገና አልጸናም፤
እሱን አዝዬ ነው ለማትሪክ ያጠናሁት፣
ሲያለቅስ ፎርሙላ እያንጎራጎርኩለት።
ቃሊቲ ያለችው አክስቴ «እኔ ጋ ተዪው» ብላለች፣
«ሙሽራ ኮተት ይዛ አትገባም።»

እንዴት ተብሎ ይጻፋል?
«ፍራሽ፣ የአንድ ሰው፣ የሚታጠፍ ቢሆን»?
ለወይንሸት ዕቃ ነው።
እኔ ግን ስምንት ወር ሙሉ
እንደ ትኩስ ድንች በጉንጬ ሳገላብጠው ከርሜአለሁ፣
ሳልውጠው፣ ሳልተፋው።

ናሁ ደረሰኙን ሳብ አድርጎ አየው።
ታች፣ መንገዱ ዳር፣ ሲኖትራክ አሸዋ ገለበጠ።
«አሥራ አራት ባዶ ነው» አለኝ።
«ባዶ ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም። ተነሣና
የሳሎኑን ጥግ፣ ፍሪጁን ያሰፈርንበትን፣
እንደገና በእርምጃ ለካ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት ተኩል።
ጀሪካኑ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።
እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ፤
ጽሑፉ አያምርም፣ እንደ ሐኪም ነው የሚጭረው።
«ፍራሽ፣ የልጅ» ብሎ ጻፈ።
ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከፍሪጁ ጎን፣
«ትንሹ» ብሎ ጨመረበት።

ምንም አላልኩም።
«የሮቶው ክዳን ተረሳ» አልኩና
ክዳን ጻፍኩ፤ ፊደሉ እየተንቀጠቀጠ።

ሰኞ ጠዋት ወይንሸት ደወለች፦
«አሥራ አራተኛው አልተነበበልኝም፤ ፍሬ ነው ፍራሽ?»
«ፍራሽ ነው» አልኳት።
«ቁመቱስ?»

እጄን ሳላውቀው ደረቴ ላይ አሳረፍኩ፣
ከጡቴ ከፍ፣ ከአንገቴ ዝቅ፣
ትናንት ሲያቅፈኝ ጭንቅላቱ የደረሰበት ቦታ ላይ።
«ከዚህ...» ብዬ ጀመርኩ፤ ለካ በስልክ አይታይም።
«በረጅሙ ግዙት» አልኳት፣
«የሚያድግ ሰው ነው።»